አለቃዬ ዳውንሎድ ይቆጥራል፣ እኔ እንቅልፍ አጣሁ

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ዛሬ ግን የራሴን ይዤ መጣሁ። ዲጂታል እቁብ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ፕሮዳክት ማናጀር ነኝ። ከ8 ወር በፊት የቡድን መሪ ሆንኩ፤ ከሥሬ 6 ልጆች አሉ። አፓችንን ከ100 ሺህ ሰው በላይ አውርዶታል። አለቃዬ ሰኞ ሰኞ ስብሰባ ላይ ይህን ቁጥር እየጠራ ያስጨበጭባል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ቦርዱ ፊት ቀርቤ ስለ ፕሮዳክቱ ስኬት ሪፖርት እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ችግሩ ስኬታማ መሆናችንን እኔ ራሴ እርግጠኛ አይደለሁም። የደንበኞች አገልግሎት ልጆች ስልካችን አያርፍም ይላሉ። የገዛ እናቴ እንኳን አፑን ጭኜላት እቁቧን የምትጥለው ሰፈር ውስጥ ጸሐፊዋ ቤት ድረስ ሄዳ ነው። ምኑን ልለካ? ለአለቃዬስ እንዴት ልንገረው? የቡድኔ ልጆች ደግሞ ቁጥር ሲነሳ ፊታቸው ይጠቁራል። አንዳንዴ ሥራውን ልልቀቀው እላለሁ።

ቁጥር ያደናገራት፣ ከአዲስ አበባ»

እህቴ፣

ከመጨረሻው ልነሳልሽ። ሥራውን አትልቀቂ። ቢያንስ ቦርዱ ፊት ሳትቀርቢ አትልቀቂ። እዚያ ቤት ቁጥሩን የሚጠራጠር ሰው አንቺ ብቻ ከሆንሽ፣ አንቺ ስትወጪ የሚቀረው ጭብጨባው ነው።

አሁን ወደ ነገሩ። 100 ሺህ የሚለውን አንብቤ አለፍኩት። ያስቆመችኝ ስለ እናትሽ የጻፍሻት አንዷ መስመር ናት። አፑ ስልካቸው ላይ አለ፣ የጫነችላቸውም ልጃቸው ናት፣ እሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ጸሐፊዋ ቤት ይሄዳሉ። እናንተ ሰኞ ሰኞ ከምታጨበጭቡላቸው ሰዎች አንዷ እንግዲህ እናትሽ ናቸው። አንድም ብር በአፑ ሳይጥሉ።

እኔም ቀምሻታለሁ። ከዓመታት በፊት ለሰፈር ሱቆች የሚሆን አፕ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ፤ ስሙ ይቅር። ባለ ሱቁ የሸጠውንም በዱቤ የሰጠውንም ስልኩ ላይ ይመዘግባል፣ ደብተር ይቀራል፤ ሐሳቡ ይሄ ነበር። ቢሮው ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቅለን የተመዘገበው ሰው ቁጥር ሲጨምር እናያለን። ሺህ በሞላ ቁጥር ኬክ ይገዛል። እውነቴን ነው፣ ኬክ። አንድ ቀን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሌላ ጉዳይ ኖሮኝ ሄድኩና ከተመዘገቡት ባለ ሱቆች አንዱ ጋ ጎራ አልኩ። ሰውየው ጨዋ ነው። በርጩማ ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። እየተጫወትን ሳለ አንዲት የሰፈር ሴት መጣችና ግማሽ ሊትር ዘይት በዱቤ ወሰደች። ሰውየው እጁን ከሚዛኑ ሥር ሰደደና ጠርዙ የተልፈሰፈሰ ደብተር አወጣ፤ እርሳሷ በሲባጎ ታስራበታለች። ስሟን ጻፈ፣ ብሩን ጻፈ፣ ደብተሩን መለሰ። «አፑስ?» አልኩት። ሳቀ። «አፑማ አለ! ሦስት ጊዜ ነው የተመዘገብኩት» አለኝ። አንዴ በራሱ ሲም፣ አንዴ በሚስቱ፣ አንዴ በወንድሙ። መዝጋቢው ልጅ በሰው ልክ ይከፈለው ነበርና ባለ ሱቁ አዝኖለታል። «ልጁ ቁርሱን ይብላ ብዬ ነዋ።»

ሻዩን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም።

በልጁ አልፈርድም። እኛ የከፈልነው ለምዝገባ ነው፤ ያመጣልንም ምዝገባ ነው። «ሱቁ ከደብተር ተላቀቀ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ የቡድኑ መሪ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ ውስጥ ዌልስ ፋርጎ የሚባለው ትልቅ ባንክ ለአንድ ደንበኛ ስምንት አገልግሎት የመሸጥ ግብ ነበረው። ቅርንጫፍ ላይ የሚሠሩት ሠራተኞች በየቀኑ ስንት እንደሸጡ ይጠየቃሉ። ግቡ የማይሞላ ሲሆንባቸው ብዙዎቹ ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ አካውንት መክፈት ጀመሩ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ፈንድቶ ሲወጣ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ ወደ 5,300 የሚጠጉ ሠራተኞች በዚሁ ምክንያት መባረራቸው ተሰማ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም ብዙ ሳይቆይ ወንበሩን ለቀቀ። ያለ ደንበኛው ፈቃድ ተከፍተዋል ተብለው የተጠረጠሩት አካውንቶች በኋላ ሲቆጠሩ እስከ 3.5 ሚሊዮን ደረሱ። ያ ሁሉ ሲሆን ግን ቁጥሩ ለዓመታት ሲያኮራቸው ነው የኖረው። የእኔ ባለ ሱቅ ሦስት ጊዜ ተመዘገበ ብዬ መደንገጤ አሁን ያስቀኛል።

እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርልስ ጉድኸርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሳት ነጥብ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። በእኛ አባባል፣ መለኪያውን ግብ ካደረግሽው ሰዉ ሥራውን ትቶ መለኪያውን ማሳመር ይጀምራል። ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የሚጠየቀው እሱን ስለሆነ ነው።

ታዲያ ምኑን ልለካ ላልሽው።

መልሱን ከሩቅ አታምጪው፤ እቁብ ራሱ ይዞታል። አንድ እቁብ «ጥሩ እቁብ ነበር» የሚባለው መቼ ነው? ሲጀመር ሃምሳ ሰው ስለተመዘገበ አይደለም። መጀመሪያ የወጣለት ሰው ስለተደሰተም አይደለም፤ እሱማ ሁልጊዜ ይደሰታል። የመጨረሻዋ ሴት፣ ያቺ ዓመቱን ሙሉ ስትጥል ቆይታ ዕጣው ዞሮ ዞሮ መጨረሻ ላይ የደረሳት፣ ብሯን ሳይጎድል ስትቆጥር ነው። ዳኛውም ጸሐፊዋም ስማቸው የሚነሳው በእሷ ነው። ከዚያ «እንደገና እንጀምር?» ሲባል ስንት ሰው «እኔ አለሁ» አለ? እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ከተጀመሩት እቁቦች ውስጥ ባለ መጨረሻ ዕጣው ሙሉ ብሩን በቀኑ ያገኘባቸው ስንት ናቸው፣ ከእነሱስ ስንቱ ሁለተኛ ዙር ጀመሩ?

ልብ በይ፣ ይህ ሰው አይቆጥርም፤ እቁብ ነው የሚቆጥረው። እናንተ እስካሁን ስትቆጥሩ የነበረው አንድ አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው ለብቻው አፕ ቢያወርድ ግን እቁብ አይሆንም። ስላክ የሚባለውን የሥራ መልእክት መለዋወጫ የሠሩት ሰዎችም እንዲህ ነበር ያሰቡት። ስንት ሰው ተመዘገበ ሳይሆን አንድ የሥራ ቡድን እርስ በርሱ ስንት መልእክት ተለዋወጠ ብለው አዩ። 2,000 መልእክት የተለዋወጠ ቡድን አገልግሎቱን ከልቡ ሞክሮታል፣ ከእነዚህም 93 በመቶው አሁንም ከእኛ ጋር ነው ብሎ ነበር ከመሥራቾቹ አንዱ ስቱዋርት ባተርፊልድ። 2,000ን ግን እንዳትቀጂ። እሱ የእነሱ ቁጥር ነው። የአንቺ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዳውንሎድ አንድ ነገር ልበልና ልተወው። ድምር ቁጥር ነው፤ ስለዚህ አይወርድም። አፑን ነገ ብታበላሹት፣ ሰዉ ሁሉ ቢያጠፋው፣ 100 ሺህ ያው 100 ሺህ ነው። ሊወርድ የማይችል ቁጥር ምን ሊነግርሽ ይችላል?

«በየቀኑ ስንት ሰው ይከፍተዋል» የሚለውም ያሳስታል፤ ብዙ ሰው ከዳውንሎድ ሲሸሽ እዚያ ነው የሚወድቀው። ለማኅበራዊ ሚዲያ ይሆን ይሆናል። ወርሃዊ እቁብ ያለበት ሰው ግን በወር አንዴ ከፍቶ፣ ጥሎ፣ ቢዘጋው ምኑ ነው ክፉ? እኔ የሚያሳስበኝ በቀን አምስቴ የሚከፍተው ነው። ብሬ ገባ አልገባ እያለ እየተጨነቀ ይሆናላ! እነዚያ የማያርፉት ስልኮች ከዚህ ጋር ሳይያያዙ አይቀሩም። አንድ ቀን በጣም የሚከፍቱትን ሰዎች ዝርዝር አውጪና ከደዋዮቹ ጋር አስተያዪው።

ሁሉንም እቁብ አንድ ላይ ቀላቅለሽም አትይ። ዩኒቨርሲቲ እያለን «የስንት ባች ነሽ?» እንባባል የለ? እንደዚያ አድርጊ። በጥቅምት የተጀመሩት አንድ ባች፣ በኅዳር የተጀመሩት አንድ ባች። እያንዳንዱ ባች በሦስተኛው መጣያ የት ደረሰ፣ በስድስተኛውስ? የኅዳሩ ከጥቅምቱ ተሻለ ካልሽ በመካከል የሠራችሁት ነገር ረድቶ ሊሆን ይችላል። ካልተሻለ ደግሞ ከጭብጨባው ጋር ምንም አያገናኛችሁም። አቆጣጠሩንም እንዳትረሺ። ቁጥሮቹን የሚያሳይሽ የሶፍትዌሩ ዳሽቦርድ በፈረንጅ ወር ይቆርጥልሻል፣ ሰዉ የሚኖረው በእኛው ነው። መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ የዘመን መለወጫ በግ አለ። በዚያ ወር መጣያ ቢዘገይ አፑ አልተበላሸም፣ ኪስ ነው የተራቆተው። መስከረምን ከአምናው መስከረም ጋር ነው የምታስተያዪው፤ ዘንድሮ አምና ከሌላችሁ ደግሞ ዝም ብለሽ ጻፊው፣ ለከርሞ ይሆንሻል።

አሁን ትልቁ ችግር። ወርሃዊ የ12 ሰው እቁብ ለመጨረስ ዓመት ይፈጃል። ቦርዱ ዓመት አይጠብቅሽም። አለቃሽማ ሰኞንም አይጠብቅ። ስለዚህ ቀድማ የምትናገር አንድ ምልክት ያስፈልግሻል።

እቁብ የገባ ሰው ሁሉ የት እንደሚፈርስ ያውቃል። ቀድሞ የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ መጣል ሲያቆም ነው። ለዚህ አይደል ዋስ የሚጠራው? እንግዲህ ምልክትሽ እዚያ ሳይሆን አይቀርም። ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ቀጣዩን መጣያ በቀኑ ጣሉ ወይ? ይህንን ለማወቅ ዓመት አያስፈልግም፣ በሁለተኛው ወር ይታያል። «ሳይሆን አይቀርም» ያልኩት ግን ስለማላውቅ ነው፤ ዳታው ያለው እናንተ ጋ ነው። ያለቁ ሠላሳ እቁቦች፣ የፈረሱ ሠላሳ እቁቦች ውሰጂ። አጫጭር እቁቦችም ይኖሯችኋል፣ የየሳምንቱን ዓይነት፣ ከእነሱ ጀምሪ። ትልቅ የዳታ ባለሙያ አያስፈልግም፣ ኤክሴልና ሁለት ከሰዓት ይበቃል። ጎን ለጎን አስቀምጪና የፈረሱት ከመፍረሳቸው በፊት ምን እንደሚመሳሰሉ በዓይንሽ እዪ። እኔ ያልኩት ካልሆነ ጣይው። ከዳታሽ ጋር የማይስማማ ምክር ምን ይሠራልሻል።

ምልክቷን ስታገኚ ደግሞ ሊያሳምሯት የሚችሉባቸውን መንገዶች አስቀድመሽ አስቢ። የእኔን ኬክ አስታውሺ። በቀኑ የጣለ ሰው ይቆጠር ከተባለ፣ አንዱ ብልጥ «በቀኑ ማለት እስከ ሰባት ቀን ነው» ብሎ ትርጉሙን ያሰፋውና ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ያምራል። ሌላው ደግሞ የቢሮ ሠራተኞችን እቁብ ብቻ ተቀብሎ የጉሊት ነጋዴዎቹን ይመልሳል፤ ደመወዝተኛ አይዘገይማ። ቁጥሩ አማረ፣ እቁብ ግን የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ውጭ ቀሩ። ስለዚህ ከዋናው ቁጥር ጎን ጠባቂ ታቆሚያለሽ። ስንት እቁብ ተጀመረ፣ ስንት ሰው በቅሬታ ደወለ። ዋናው አምሮ ጠባቂዎቹ ከተበላሹ አንድ ሰው አንድ ቦታ እያጭበረበረ ነው፣ ወይም ራሳችሁን እያታለላችሁ ነው። ከዚህ በላይ ግን አትደርድሪ። ሃያ ሠንጠረዥ ያለው ሪፖርት የሚጻፈው አንዱም እንዳይነበብ ነው የሚል እምነት አለኝ፤ ልሳሳት እችላለሁ፣ ግን ብዙ አይቻለሁ።

«ደንበኛውን ለምን በቅጽ አልጠይቀውም?» ትዪኝ ይሆናል። ጠይቂ፣ ግን መልሱን በጥንቃቄ ያዢ። ሾን ኤሊስ የሚባል አሜሪካዊ የታወቀ ጥያቄ አለው። «ይህ አገልግሎት ከነገ ጀምሮ ቢቀር ምን ይሰማዎታል?» ይላል፤ 40 በመቶው «በጣም ይከፋኛል» ካለ ፕሮዳክቱ ቦታውን አግኝቷል ብሎ ይወስዳል። መልካም። እኛ ጋ ግን ይሉኝታ አለ። ፊት ለፊት ቆመሽ፣ ያውም የድርጅቱን ቲሸርት ለብሰሽ ከጠየቅሽው፣ «ኧረ በጣም ይከፋኛል የኔ እመቤት!» ብሎሽ ይሄዳል። ከ0 እስከ 10 ስጡን ስትዪው 10 ይሰጥሻል፤ ከ10 በታች መስጠት ስድብ ይመስለዋል። ስለዚህ የሚሰማውን ተዪና ያደረገውን ጠይቂ። «መጨረሻ የጣሉት ጊዜ እንዴት ጣሉ? እስቲ ያሳዩኝ።» ብዙዎቹ ምን እንደሚያሳዩሽ ልገምት? በቴሌብር ለጸሐፊዋ ይልካሉ፣ ስክሪንሾቱን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለጥፋሉ፣ እሷ «ደርሷል» ትላለች። አለቀ። ተፎካካሪያችሁ ያ ስክሪንሾት ነው። ሌላ አፕ አይደለም።

ሰዉ የሚያደርገውን ማየት ምን ያህል እንደሚያዋጣ ለማየት ጎረቤታችን ኬንያን ተመልከቺ። ኤም-ፔሳ በ2005 (በፈረንጁ ነው የምነግርሽ) ሙከራው ሲጀመር የተሠራው ለሌላ ነገር ነበር። ከአነስተኛ የብድር ተቋም የተበደሩ ሰዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲከፍሉበት ነው። ሙከራው ላይ የነበሩት ሰዎች ጥቂት መቶዎች ናቸው። ሥራውን የሚከታተሉት ግን ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ ሰዎቹ ብድር ከመክፈል አልፈው እርስ በርስ ገንዘብ ይላላካሉ፣ መንገድ ሲሄዱ ብሩን ስልካቸው ላይ አስቀምጠው በሌላ ከተማ ያወጣሉ። በመጋቢት 2007 ለሕዝብ ሲከፈት መፈክሩ «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» ሆነ፣ ብድር የሚባል ነገር የለበትም። ከ16 ዓመት በኋላ እኛም ጋ መጣ። እስቲ አስቢው፤ ያኔ ሪፖርታቸው ላይ «የብድር ክፍያ በስልክ፣ ይህን ያህል በመቶ» የሚል ቁጥር ብቻ ቢኖር፣ መላላኩ እንደ ብልሽት ተቆጥሮ በተዘጋ ነበር። ብድሩን በሰዓቱ ማስከፈል ነበራ ግቡ። ቁጥሩን የያዘ ሰው የማይቆጠረውንም ማየት አለበት፤ ለዚህ ነው ወንበር ላይ ተቀምጦ ፕሮዳክት መምራት የማይሆነው።

ወደ ልጆችሽ ልምጣ። ፊታቸው የሚጠቁረው ቁጥር ስለማይወዱ አይመስለኝም። ቁጥር በተነሳ ቁጥር «ማን ነው ያበላሸው?» የሚል ጥያቄ ስለሚከተል ነው። መጀመሪያ መጥፎ ቁጥር ይዞ የሚመጣልሽን ልጅ እንዴት እንደምትቀበዪው አስቀድመሽ ተዘጋጂ። ስድስቱም አንቺን ነው የሚያዩት፤ ምን እንዳልሽ ሳይሆን ቅንድብሽ ምን እንዳደረገ። ደነገጥሽበት? ሁለተኛ መጥፎ ቁጥር አይመጣልሽም፣ ተለሳልሶ፣ ተቀባብቶ ነው የሚመጣው። እኔ ያኔ አንድ ዴቨሎፐር ምዝገባው የተደጋገመ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነግሮኝ ነበር። «አሁን የሚነሳ ነገር ነው ይሄ?» አልኩት፤ የኬኩ ዕለት ነበር። ከዚያ በኋላ ምንም ነግሮኝ አያውቅም። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

ሁለት ልማድ ብታስጀምሪ ደስ ይለኛል። አንደኛ፣ በየሳምንቱ ከስድስቱ አንዱ ግማሽ ቀን ከደንበኞች አገልግሎት ልጆች ጎን ይቀመጥና ስልክ ያንሳ፤ አንቺም ተራሽን ያዢ። ሰኞ ስብሰባው ከ100 ሺህ ሳይሆን እሱ ከሰማው አንድ ስልክ ይጀምር። የምር ነው የምልሽ፣ አንዲት ሴት «የወንድሜ ሠርግ ሐሙስ ነው፣ ዕጣው የእኔ ነው፣ ብሩ የታለ?» ስትል የሰማ ዲዛይነር ዳግመኛ አፑ ላይ ስለሚነካው ቁልፍ ቀለም ግማሽ ሰዓት አይከራከርም። ሁለተኛ፣ አፑ ላይ አዲስ ነገር (ፊቸር የምትሉትን) መሥራት ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ይህ ነገር ምን እንዲለውጥ እንጠብቃለን፣ እስከ መቼ፣ ካልለወጠስ እናነሳዋለን ወይ? ከተሠራ በኋላ አይሆንም። ከተሠራ በኋላ ሁሉም ሰው ጠበቃ ነው፣ ልጁ ነዋ። እስካሁን የተጀመሩትን አትንኪ፣ ከሚቀጥለው ጀምሪ፤ አለበለዚያ ግማሹ ቡድን ይቀየምሻል።

አለቃሽን ደግሞ ቦርዱ ፊት አታጋልጪው። ይህንን እለምንሻለሁ። ልክ ብትሆኚም ተሸንፈሽ ነው የምትወጪው። ቀደም ብለሽ፣ ሰኞ ሳይሆን ሌላ ቀን፣ በተለይ ከምሳ በኋላ፣ ለብቻው ግቢ። እሱም ሞኝ አይደለም። ኢንቨስተር ሲጠይቀው የሚጠራው ቁጥር ስላስፈለገው ነው 100 ሺህን የሙጥኝ ያለው። ስለዚህ አትንጠቂው፤ የሚበልጥ ስጪው። አንድ ገጽ ይዘሽ ግቢ። ከላይ ዳውንሎድ ይቀመጥ፣ እሱን ሲያይ ልቡ ይረጋል። ቀጥሎ ከእነሱ ውስጥ እቁብ ውስጥ የገቡት፣ ቀጥሎ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በአፑ የጣሉት፣ ከታች ደግሞ ያለቁት እቁቦች። እየወረደ ሲሄድ ይጠባል፣ ምናልባትም በጣም ይጠባል። ዝም በይና ያንብበው። ከዚያ «መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ትንሽ ነው፣ ግን ማንም ሊነጥቀን የማይችለው እሱን ነው፤ በሦስት ወር ላሳድገው የምችለው ይህን ብንሠራ ነው» በዪው። አንድ ነገር ብቻ ያዢ፣ ለምሳሌ የዋስ አያያዙን። ችግር ብቻ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው አለቃ ያሰለቻል፤ እኔም አለቃ ሆኜ ሰልችቶኝ ያውቃል።

«ይህ ቦርድ ፊት አይቀርብም» ቢልሽስ? «እሺ፣ ዳውንሎዱ ላይ ግን ስኬት ብዬ አልጽፍበትም፣ ዳውንሎድ ብዬ እጽፋለሁ» በዪው። በትሕትና፣ ግን በዪው። ቁጥሩን በስሙ መጥራት ማንንም አያዋርድም። የሌለ ቁጥር ጨምሪ ካለሽ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ስለ መልቀቅ እንደገና እንነጋገራለን።

እስከዚያው አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። እናትሽ በሚቀጥለው ጊዜ እቁብ ሊጥሉ ሲወጡ አብረሻቸው ሂጂ። የድርጅቱን ቲሸርት አትልበሺ፣ ስለ አፑም አታንሺ። ቡናው እስኪፈላ ቁጭ በይ። ጸሐፊዋን ደብተሯን እንድታሳይሽ ለምኛት፤ በእናትሽ ስም እምቢ አትልሽም። የስም ዓምድ ይኖራል፣ የብር ዓምድ ይኖራል፣ የቀን ዓምድም ይኖራል። ከዚያ ወዲያ ጠርዙ ላይ በእርሳስ የምትጫጭረው ነገር አለ፤ «ባሏ ታሟል፣ ሐሙስ ታመጣለች» ዓይነት። እሱን በደንብ አንብቢው። አፓችሁ ውስጥ የቱ ጋ እንደሚጻፍ ፈልገሽ ስታጪው፣ ምን እንደነበረ ጻፊልኝ።